ከባንድ ስትወጡ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?

አንዲት ወጣት ጊታሪስት ሰሞኑን ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ባንዴን ልለቅ ነው። አንድ ቦታ አትረጋም ይሉኝ ይሆን?» ባጭሩ መለስኩላት። ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሁለተኛው ባንዴ ውስጥ አራት ነበርን። የምንለማመደው ዕቃ ማከማቻ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ዘፈን ይዤ ገባሁ። ግጥሙም ዜማውም የኔ ነበር፤ አዝማቹ ግን አልመጣ አለ። ሦስት ሳምንት ታገልነው። አንድ ማታ ሌሎቹ ገመድ እየጠቀለሉ ሳለ፣ ቤዝ የሚጫወተው ዝምተኛ ልጅ አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀምጦ አምስት ኖታ ደጋገመ። ወደ ታች የምትወርድ ቀላል ነገር። እኔ በላዩ ማንጎራጎር ጀመርኩ። አዝማቹ ተገኘ! የክፍሉ ጠባቂ መጥቶ እስኪያስወጣን ድረስ ተጫወትነው።

ከስድስት ወር በኋላ ስም ያለው ባንድ ጠራኝ። ጓደኞቼን እንኳን አልተሰናበትኩም። አሞኛል ብዬ በድራመሩ በኩል ላክሁባቸውና በዚያው ቀረሁ። አዲሶቹ «ዘፈን አለህ?» ሲሉኝ ያንኑ ሰጠኋቸው። አምስቱን ኖታ ለአዲሱ ቤዚስት በአፌ እያዜምኩ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ካሴቱ ላይ ግጥምና ዜማ ከሚለው ጎን የኔ ስም ብቻ ታተመ።

በዓመቱ አንድ ዝግጅት ላይ ልጁን መድረክ ጀርባ አገኘሁት። «ያቺን ቤዝ ትንሽ ፈጥናችኋታል» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ያንተ ናት ማለት ሲገባኝ ስለ ጊታር ክር ጠየቅሁት።

መልቀቅ በራሱ ነውር አይደለም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝና ጊታሪስት አሜሊያ ፍሌቸር እ.ኤ.አ. በ1986 ኦክስፎርድ ውስጥ ታሉላ ጎሽ በሚባል ባንድ ጀመረች። ከዚያ ሄቨንሊ፣ ማሪን ሪሰርች፣ ቴንደር ትራፕ እያለች ከባንድ ባንድ ቀጠለች፤ ጎን ለጎን ኢኮኖሚስት ሆና እየሠራች። በ1996 የሄቨንሊ ድራመር የነበረው ወንድሟ ማቲው ሲሞት፣ የቀሩት አብረው ቢቀጥሉም አዲስ ስም ያዙ። እኔን ይህ ሁልጊዜ ይነካኛል። አንድ ሰው ሲጎድል ባንዱ ያው ባንድ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

የዛሬ ልጆች ብቻችሁን ላፕቶፕ ላይ መሥራት ታበዛላችሁ። ድምፁ ንጹሕ ነው። ግን ሳታስቡት አምስት ኖታ የሚያቀብላችሁ ሰው ከየት ይመጣል? ባንድ ግቡ፤ ተጨቃጨቁ። ቶሎ አትልቀቁ ልል ነበር። እኔ ግን ያንን ባንድ ባልለቅ ኖሮ ዛሬ የምችለውን ግማሹን አልችልም ነበር። ስለዚህ ከመሰላችሁ ልቀቁ፤ ፊት ለፊት ተናግራችሁ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ዘፈኑ ያለቀ ዕለት፣ ፍቅር ሳለ፣ ማን ምን እንዳዋጣ ጻፉና ተፈራረሙ። የዘፈኑ (የግጥሙና የዜማው) መብትና የቀረጻው (የተቀዳው ድምፅ) መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም ተነጋገሩባቸው።

ያ ዘፈን በቅርቡ እንደገና ሊወጣ ሲል ፎርም ሞላሁ። የደራሲ ስምና የእያንዳንዱ ድርሻ ይላል። የልጁን ስም ከኔ ቀጥሎ ጻፍኩ፤ ግማሽ በግማሽ። ቀጥሎ አድራሻውን ይጠይቃል። የጠየቅኋቸው የድሮ ጓደኞቻችን ሁሉ የት እንዳለ አያውቁም። ፎርሙ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።