ኢንተርኔቱን ከማሳደግዎ በፊት ዲኤንኤሱን ይዩ

ጠያቂያችን ወደ ሊኑክስ ሰርቨርዎ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር መግቢያ ዘዴ) ሲገቡ የይለፍ ቃል እስኪጠየቁ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንደሚጠብቁ፣ ከገቡ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ፈጣን እንደሆነ ጽፈዋል፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ለማሳደግም አስበዋል። እባክዎ ገንዘብዎን አያውጡ፤ እኔ አውጥቼ አይቼዋለሁ።

1. መጀመሪያ መዘግየቱ የት ላይ እንደሆነ ይለዩ። ከኤስኤስኤች ትእዛዝ ቀጥለው ሰረዝና ሦስት ‹ቪ› ሲጨምሩ እያንዳንዱ እርምጃ በስክሪኑ ላይ ይወርዳል፤ ጽሑፉ የሚቆምበትን ቦታ ይያዙ። የይለፍ ቃሉን ከሰጡ በኋላ 25 ሰከንድ ያህል የሚቆም ቢሆን ኖሮ ዲባስንና ሎጊንዲን (የፕሮግራሞችን መልእክት የሚያመላልሰውንና የተጠቃሚዎችን መግባት የሚከታተለውን የሊኑክስ አገልግሎቶች) መርምሩ እልዎ ነበር። የእርስዎ ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ ከእኔው ጋር አንድ ነው ብዬ እወስዳለሁ።

2. ጉዳዩ የዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ከአይፒ አድራሻ ጋር የሚያገናኘው አገልግሎት፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከ6.8 በፊት የነበሩት የኦፕን ኤስኤስኤች (ኤስኤስኤችን በሰርቨሩ ላይ የሚያሠራው ፕሮግራም) ቅጂዎች፣ ተው ካልተባሉ በስተቀር፣ የሚገባውን ሰው አይፒ አድራሻ ወደ ስም ለመመለስ ዲኤንኤስ ይጠይቃሉ። በእኛ አሮጌ ሰርቨር ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ (የዲኤንኤስ ሰርቨሮች አድራሻ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ የተጻፉት ሁለት አድራሻዎች ከተነቀሉ ዓመት ያለፋቸው ማሽኖች ነበሩ። ሊኑክስ እያንዳንዱን 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ዙሩንም ሁለት ጊዜ ያደርገዋል፤ ድምሩ 20 ሰከንድ ነው፣ በስልኬ ሰዓት የለካሁትም ይህንኑ ነበር። ይህን ከማወቄ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ አገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ተመላልሻለሁ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሠራተኛ የፒንግ (መስመሩ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልስ የሚለካ ትእዛዝ) ውጤት ያተምኩበትን ወረቀት ሳታነበው በጣቷ መልሳ ገፋችልኝና «ፓኬጅ አሳድጉ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ 4 ሚሊሰከንድ የሚል ተጽፎ ነበር፤ መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እሷን እወቅሳለሁ እንጂ እኔም ይዤው ስዞር አላነበብኩትም። አሳደግን፣ 20 ሰከንዱም ባለበት ቀጠለ።

3. የዲኤንኤስ አድራሻዎቹን በሚሠሩት ይተኩ፤ ኔትወርክ ማኔጀር (የሊኑክስን ኔትወርክ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ያንን ፋይል መልሶ እንዳይጽፍብዎ በእሱ በኩል ያስገቡት። ቀጥሎም በኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ (የሰርቨሩ ኤስኤስኤች አገልግሎት፣ የኤስኤስኤችዲ፣ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ዩዝ ዲኤንኤስን ‹ኖ› ያድርጉ፣ ኬርቤሮስ (በድርጅቶች የሚሠራበት የጋራ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት) የማትጠቀሙ ከሆነም እሱ የሚሠራበትን የጂኤስኤስኤፒአይ ማረጋገጫ ይዝጉ። ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ግን ኤስኤስኤችዲን በሰረዝ ‹ቲ› ያስፈትሹት፣ ክፍት ያለውንም መስኮት በፍጹም አይዝጉት፤ አገልግሎቱ ቢወድቅ እንኳ የተከፈተው ግንኙነት አይቋረጥም። እኔ ይህን ሁሉ ሳላደርግ፣ ዓርብ ማታ ‹ኖ› የሚለውን ቃል ‹ኤን› ደግሜ ጻፍኩትና፣ ሪስታርት ብዬ የመለሰልኝን ሳላይ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሰው መግባት አልቻለም። ሰርቨሩ ያለው በሌላ ሕንፃ ስለሆነ ዘበኛው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካላመጣሁ አላስገባም አለኝ፤ ደብዳቤው ረቡዕ ደረሰና ኪቦርድና ስክሪን ተሸክሜ ገብቼ አንዲት ፊደል ሰረዝኩ።

ማንም ባለሙያ ሳይጠራ ችግሩን ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ ዛሬ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው የምንገባው። የተጨመረውን ፓኬጅ ግን አሁንም እየከፈልን ነው፤ ለማስቀነስ በዚያው መስኮት ማመልከት ያስፈልጋል።