የአያቴ ተጣጣፊ ካሜራ ለጥምቀት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ያነሱበት የነበረ ካሜራ ሳጥን ውስጥ አገኘሁ። ቁልፉን ስጫነው ፊቱ ይከፈትና ሌንሱ ከጥቁር ቆዳ ጋር ወደ ፊት ይወጣል። «ዛይስ አይኮን ኔታር» እና «ፕሮንቶር» የሚል ተጽፎበታል። በጥምቀት ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ላነሳበት አስቤያለሁ። ፊልም ይገኝለታል? ይሠራ ይሆን?
(ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ፊልሙ አትጨነቂ። ኔታር የሚወስደው 120 የሚባለውን ጥቅል ፊልም ነው። ኮዳክ በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ዛሬም ይመረታል። 620 የሚባለውን ፊልም የሚወስድ የድሮ ኮዳክ ቢሆን ኖሮ ነበር የሚቸግርሽ፤ የፊልሙ ወርድ ያው ነው፣ መጠቅለያው ግን ይለያል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቆዳው ነው። ማታ መብራት አጥፊ፣ የኋላ ክዳኑን ክፈቺ፣ የስልክሽን ባትሪ ወደ ውስጥ አብሪ። እጥፋቶቹን፣ በተለይ ማዕዘኖቹን፣ ከውጭ አንድ በአንድ እያቸው። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን እንኳ ካየሽ ፎቶው ይበላሻል። ትንንሾቹ በጥቁር የጨርቅ ቀለም ይደፈናሉ።

ሻተሩን (ለብርሃኑ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን፤ «ፕሮንቶር» ስሙ ነው) 100 እና 250 ላይ፣ ማለትም በሰከንድ መቶኛና ሁለት መቶ ሃምሳኛ ላይ፣ ሞክሪው። ጠቅ ካለ ይበቃሻል። 1 ሰከንድ ላይ ቢጎተት አይግረምሽ፤ ግራሶው ደርቆ ነው። ዘይት እንዳትጨምሪበት! ራስን ማንሻዋንም ምላጭ (ሻተሩን አዘግይታ የምትከፍተውን) አትንኪያት፤ ከተጣበቀች ሻተሩን ትቆልፈዋለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ካሜራው ሲከፈት ቆዳው አየር ይስብና ፊልሙን ከቦታው ያነሳዋል፤ ፎቶውም ይደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ከዚያ ነው ፊልሙን የምታዞሪው። ቁጥሩን ከኋላ በቀይዋ መስኮት ታያለሽ። ሻተሩንም ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት በእጅሽ ትወጥሪዋለሽ። ሳታዞሪ ደግመሽ ካነሳሽ ሁለት ፎቶ አንዱ በአንዱ ላይ ሊወጣ ይችላል።

የጥር ፀሐያችን ጠንካራ ነው። ፊልሙ ISO 100 (ለብርሃን ያለው ስሜት) ከሆነ የሻተሩን ፍጥነት 100፣ ዲያፍራሙን (የሌንሱን ቀዳዳ ማስፊያና ማጥበቢያ) 16 አድርጊ፤ የምታነሺው ጥላ ሥር ከሆነ ወደ 5.6 ክፈቺው። ርቀቱን በዓይንሽ ገምተሽ ሌንሱ ላይ ታስተካክያለሽ። ብትችዪ በእርምጃ ለኪው።

አደራ፣ የመጀመሪያውን ጥቅል ለበዓሉ አታቆዪው። የካሜራሽ የፎቶ መጠን 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ጥቅል የሚያነሳው 8 ፎቶ ብቻ ነው። ሁሉንም አሁኑኑ ፋሲል ግንብ አካባቢ አንሺና አሳጥቢው። በታጠበው ፊልም (ኔጌቲቭ) ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ጭረት ካየሽ ወደ ቆዳው ተመለሺ።