ስንዴው ይከፈታል፣ ጤፉ ላይ ይቆማል

ጥያቄው የመጣው ከቡሬ ነው። ጠያቂው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል ገቢ ይመዘግባሉ። ፕሮግራማቸው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አሮጌ እትም፣ በ2.7፣ የተጻፈ ነው። ሽንዲ ባለው መጋዘን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዛሬም ይሠራል፤ ሚዛኑን የሚያነበው ክፍል ለዚያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ሊቀይሩት አልቻሉም። ቡሬ ላይ ደግሞ አዲስ ላፕቶፕ ተገዝቶ፣ ዊንዶውስ 10 እና ፓይተን 3 ተጭኖበታል። «የስንዴውና የበቆሎው መዝገብ ይከፈታል፤ የእህሉ ስም ግን የማይታወቅ ምልክት ይሆናል። የጤፉ ጭራሽ ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። በየፋይሉ ያለው ተራ ቁጥር፣ የእህሉ ስምና ኪሎ ብቻ ነው፤ ከሽንዲ የማመጣውም በፍላሽ ነው። አንድ ባለሙያ «ፕሪንት» በሚለው የማተሚያ ትእዛዝ ላይ ቅንፍ ጨምሮልኝ፣ ለቀረው ስሕተት «ኢግኖር» የሚለውን ትእዛዝ አስገባበት ብሎኛል። ላስገባ?» ይላሉ።

አያስገቡ! ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ስንዴ አልፎ ጤፍ መውደቁን ሳነብ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፋይልዎ ጤነኛ ነው፤ አዲሱ ፓይተን በማይሆን የፊደል ሰንጠረዥ (የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ በሚነግር ዝርዝር) እያነበበው ነው። ግን ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የመዝገቡን ግልባጭ ያውጡና በግልባጩ ላይ ብቻ ይሥሩ። ጽሑፉ ተበላሽቶ እየታየ ፕሮግራሙ መልሶ ከጻፈው፣ በስክሪን ላይ ብቻ የነበረው ብልሽት ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሌላውን ጥገና ሁሉ በራሱ ይሠራዋል። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ በአማርኛ የምንጽፍበት እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያውም ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ጤ ማለት 225፣ 140፣ 164 ነው። ፍ ደግሞ 225፣ 141፣ 141 ነው። ፓይተን 2 «ጤፍ» የሚለውን ቃል እንደ ፊደል አያየውም፤ የስድስት ባይት ክምር ነው፣ ርዝመቱን ቢጠይቁትም 6 ይላል። ፓይተን 3 ግን ፊደል ይቆጥራል፣ መልሱም 2 ነው። ፊደል ለመቁጠር ደግሞ ባይቱን በአንድ ሰንጠረዥ መፍታት አለበት። ሰንጠረዡን ካልነገሩት ከዊንዶውስ ይጠይቃል፤ ዊንዶውስም አብዛኛውን ጊዜ 1252 የተባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ይሰጠዋል። በዚያ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው አንድ ምልክት ስለሆነ፣ በቆሎ የሚለው ሦስት ፊደል ዘጠኝ እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ስንዴም ገብስም እንደዚያው። ሰንጠረዡ ግን አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ፍ ውስጥ 141 ሁለት ጊዜ አለ፤ ፓይተን እዚያ ሲደርስ የሚተካው ምልክት ያጣና ይቆማል። የፈ፣ የፐ እና የፀሐዩ ፀ ዘሮች፣ አራት ነጥብም ሳይቀር፣ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ስለሆነ በዚሁ ይወድቃሉ። የጸሎቱ ጸ ሁለተኛ ባይት 140 ነውና ራሱ ተበላሽቶ ይታያል እንጂ ፕሮግራሙን አያስቆምም። የስሕተት መልእክቱን መጨረሻ ይመልከቱ፤ 8ዲ (8d) የሚል ካለ፣ ያ በኮምፒውተሩ የአሥራ ስድስት አቆጣጠር 141 ማለት ነው።

ጥገናው አጭር ነው። እዚህ በአማርኛ የጻፍኳቸውን የትእዛዝ ስሞች ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ከመሰላል ምልክት (#) ቀጥሎ፣ ኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያስፍሩ፤ ፓይተን 2 ያለዚያ በኮዱ ውስጥ ያለውን አማርኛ አይቀበልም። ቀጥሎ ከ«ፊውቸር» (ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት የታች መስመር ያለው ነው) «ዩኒኮድ ሊተራልስ»ን (በኮዱ ያለውን ጽሑፍ በፊደል የሚያስቆጥረው ነው)፣ «ፕሪንት ፋንክሽን»ን እና «ዲቪዥን»ን ያስገቡ፤ ሁለት ቃል ያላቸው በመካከላቸው የታች መስመር አለ። ፋይል የሚከፍተውን ተራውን «ኦፕን» ይተዉና «አይኦ» ሞጁል ውስጥ ያለውን «ኦፕን» ይጠቀሙ፤ ሲያነቡም ሲጽፉም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይንገሩት። ይህ በ2.7ም በ3ም አንድ ዓይነት ይሠራል። ፋይሉ በኖትፓድ ተቀምጦ ከሆነ መጀመሪያው ላይ የማይታዩ ሦስት ባይቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ለንባብ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ይሻላል።

ይህን ሲያደርጉ ሽንዲ ላይ ሁለት ነገር ይነሣል። አንደኛ፣ አዲሱ አከፋፈት ዩኒኮድ (በፊደል የሚቆጠር ጽሑፍ) ካልሆነ አይጽፍም፤ ቁጥር ሲጽፉ «ኤስቲአር»ን ትተው «ፎርማት»ን ይጠቀሙ። በኤፍ የሚጀምረው አዲሱ አጻጻፍ በ3.6 የመጣ ነውና አሮጌው አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ኮድዎን አላየሁትም፣ ነገር ግን ደረሰኙ ላይ የእህሉን ስም የሚቆርጥ 6 ወይም 9 የሚል ቁጥር እንዳለ እገምታለሁ። ለሦስት ያካፍሉት። የፊተኛው ጸሐፊ በባይት ቆጥሮ ነው።

አሁን ወደዚያ ባለሙያ ምክር። ኢግኖር ማለት ያልገባህን ባይት ጣለው ማለት ነው። በ1252 ሰንጠረዥ ጤፍን በኢግኖር ቢያነቡ ሁለቱ 141 ይጣላሉ፤ መዝገቡ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አይመልሳቸውም። የሰው ንብረት የተጻፈበትን መዝገብ ዝም ለማሰኘት ሲባል መቁረጥ ጥገና አይደለም። ቅንፉም ቢሆን የግማሽ ሥራ ነው፤ ሁለት ነገሮች በነጠላ ሰረዝ ከተደረደሩ ፓይተን 2 ከነቅንፉ ያትማቸዋል፣ አማርኛውንም ወደ ቁጥር ኮድ ይለውጠዋል። «ፕሪንት ፋንክሽን» ያስገባነው ለዚህ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎ አላልፍም። ኪሎውን ወደ ኩንታል ሲለውጡ በአንድ ጭረት (/) ለ100 የሚያካፍሉ ከሆነና ኪሎው ሙሉ ቁጥር ከሆነ፣ ፓይተን 2 ለ250 ኪሎ የሚሰጠው መልስ 2 ነው። ፓይተን 3 2.5 ይላል። ያ 50 ኪሎ የአንድ ገበሬ ጤፍ ነው! «ዲቪዥን» ሲገባ ሁለቱም 2.5 ይላሉ። ሙሉ ኩንታል ብቻ መቁጠር በሚፈልጉበት ቦታ ድርብ ጭረት (//) ያድርጉ። ከዚህ በፊት በሽንዲ የተሰጡትን ደረሰኞችም ከሚዛኑ ቁጥር ጋር አስተያይተው ይመርምሩ።

ፍላሹን በተመለከተ፣ ገበያው 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 በሆነ ርካሽ ዕቃ ተሞልቷል። የተገለበጠ መስሎ ይታያል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። ገልብጠው ሲጨርሱ ከፍላሹ ላይ ከፍተው ሳያዩ የሽንዲውን አያጥፉ።

ለሙከራ አንድ ትንሽ ፋይል ይሥሩ፤ ጤፍ 250፣ በቆሎ 175፣ ስንዴ 90 ብለው። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያሂዱት። ድምሩ 5.15 ኩንታል፣ የእህሎቹ ስምም በትክክል ከወጣ ወደ መዝገቡ ግልባጭ ይሂዱ። ወደ ግልባጩ ነው ያልኩት፤ ዋናው መዝገብ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ለአንድ ሙሉ የገበያ ሳምንት አንድ ዓይነት ድምር እስኪሰጡ ድረስ አይነካ።