ከፓምፑ በፊት፦ ውሃው ከየት መጣ?

ክረምት ከገባ ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች በብዛት ስለ ውሃ ናቸው። ለዛሬ ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከአያት ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው የምንኖረው። ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከሥሩ ምድር ቤት አለው፣ እህልና ዕቃ እናስቀምጥበታለን። በቀደም ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት ስንወርድ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ባለቤቴ ፓምፕ ተከራይተን ዛሬውኑ እንጨርሰው ይላል። አንድ ግንበኛ ደግሞ ውስጡን በውሃ መከላከያ ልለስነው ብሎ ዋጋ ነግሮናል። የቱ ይሻለናል? (ሰ.፣ ከአያት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ትንሽ ይቆዩ። መጀመሪያ መብራቱ። ውሃው ሶኬት፣ ኤክስቴንሽን ወይም ፍሪጅ ነክቶ ከሆነ ማንም ሰው እግሩን እንዳያስገባ። ዋናውን ብሬከር ደረቅ ቦታ ቆመው የሚደርሱበት ከሆነ ያጥፉት። ማከፋፈያው ያለው እዚያው ውሃው ውስጥ ከሆነ ግን በፍጹም አይሞክሩት፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውለው ከውጭ እንዲቆረጥ ያድርጉ። «መብራት ስለጠፋ ችግር የለውም» ብሎ መግባትም ያው ነው። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ሲመጣ 220 ቮልት ነው።

ፓምፑ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ከሆነ ሞተሩ ከውጭ ይቁም፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ቱቦው ብቻ ነው። ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይሄ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ራሴን አዞረኝ ሳይል ሊወድቅ ይችላል። ኋላ ላይ ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋትም ያንኑ ጋዝ ነው የሚያመጣው። እባካችሁ ከሰል አታስገቡ። መስኮትና በር ክፈቱ፣ ፋን ካለ ደረቅ ቦታ አቁማችሁ ወደ ውስጥ አንፍሱበት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ። ውሃውን በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ግድግዳውን ሊጥለው ይችላል። ከግድግዳው ውጭ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ወደ ውስጥ እየገፋ ነው፣ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ውጭ እየገፋ ተሸክሞታል። ውስጡን ባንዴ ባዶ ስታደርጉት ግንቡ ብቻውን ይቀራል። በተለይ ብረት የሌለው የድንጋይ ግንብ ወይም ብሎኬት ከሆነ ያስፈራል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አውጡና አቁሙ። ውሃው የቆመበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩና እደሩ። ጠዋት ከመስመሩ በላይ ወጥቶ ካገኛችሁት መሬቱ ገና አልረጋም ማለት ነው፣ ጠብቁ። እዚያው ከቆየ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ቀጥሉ። አዲስ ስንጥቅ ወይም ወደ ውስጥ ያበጠ ግድግዳ ካያችሁ ግን ከክፍሉ ውጡና መሐንዲስ ጥሩ።

የልስኑ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። እናንተ አካባቢ፣ ሰሚትም፣ ለቡም፣ አቃቂም አብዛኛው መሬት ጥቁር አፈር ነው፣ ኮትቻ የምንለው። በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጣል። አንዴ ካበጠ በኋላ ውሃ አያሳልፍም። ቤቱ ሲሠራ ኮትቻው ተቆፍሮ ግንቡ ከቆመ በኋላ በግንቡና በጉድጓዱ መካከል የቀረው ክፍተት በፈረሰ አፈርና በግንባታ ትርፍራፊ ይሞላል። ውሃ በዚያ ልል አፈር በኩል በቀላሉ ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላ ግን ኮትቻው መውጫ አይሰጠውም። ቤታችሁ ገንዳ ውስጥ እንደተቀመጠ ዕቃ ነው። ታዲያ ውስጡን ቢለስኑት ውሃው ከውጭ ይገፋል፣ ልስኑን ያነሳዋል ወይም በሌላ በኩል ይመጣል። ገንዘባችሁን ከግንቡ ውጭ ላለው ሥራ አውሉት።

ከጣሪያው ጀምሩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን 3,000 ሊትር ይወርዳል፣ አንድ ትልቅ ሮቶ ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ እናንተው አስሉት። ዣንጥላ ይዛችሁ ዝናቡ እየዘነበ በቤቱ ዙሪያ ዙሩ። አሸንዳው የሚያፈስበት ቦታ አለ? ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ግንቡ ሥር ነው የሚደፋው? እንደዚያ ከሆነ ቱቦውን ቀጥሉና ውሃውን ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ቦይ ልቀቁት፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ግን አይሁን። ቀጥሎ የግቢውን መሬት እዩ። ቢያንስ ከግንቡ 1 ሜትር ድረስ በሊሾ ተሸፍኖ በሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማጋደል አለበት። ብዙ ጊዜ ሊሾው ሲቆይ ሰምጦ ወደ ቤቱ ያጋድላል፣ ማንም ልብ አይለውም። እነዚህ ሁለቱ በትንሽ ወጪ የሚሠሩ ናቸው፣ ለብዙ ቤትም እነሱ ብቻ ይበቃሉ።

ካልበቁ በጋ ሲገባ በተዳፋቱ የላይኛው በኩል ከግንቡ ውጭ አስቆፍሩ። ከመሠረቱ እግር አጠገብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ተከቦ፣ ጠጠሩም አፈር እንዳይገባው በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ) ተጠቅልሎ ይቀበር፣ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ቤታችሁ ተዳፋት ላይ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፣ ውሃው በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይወጣል። የውሃ መከላከያውም ቦታው ያኔ ነው፣ ከግንቡ በውጭ በኩል። አሁን በክረምት አታስቆፍሩ፣ የረጠበ ኮትቻ ሠራተኛ ላይ ይናዳል።

እህሉን በተመለከተ፣ የጎርፍ ውሃ የነካው ጤፍ ወይም በርበሬ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም አይበላም። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ፣ ግን ውሃው ከሽንት ቤት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ወለሉን በሳሙና አጥባችሁ ስታበቁ በረኪና አድርጉበት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው ቤቴ። ውሃ በፈረቃ ሌሊት ሲመጣ ከሻወር ቤት ሥር ያለው ግድግዳ ይረጥባል፣ ሲሄድ ይደርቃል። የቧንቧ ሠራተኛ ሲሊኮን ቀባልኝ፣ ምንም ለውጥ የለም። መስመሩ ፒፒአር ነው፣ በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቱቦ። (ወጣት አባወራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ከፈረቃው ጋር የሚመጣና የሚሄድ እርጥበት የዝናብ አይደለም፣ ግፊት ያለበት መስመር ነው። ለማረጋገጥ ውሃ በመጣበት ሌሊት ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ ሮቶውም ሞልቶ ፍሎተሩ (ሲሞላ ውሃውን የሚያቆመው ተንሳፋፊ) ይዝጋ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሂድና ትንሿን ተሽከርካሪ በባትሪ እያበራህ ተመልከት። ከዞረች ውሃ እየፈሰሰ ነው።

ፒፒአር በሲሊኮን አይጠገንም። መገጣጠሚያው ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ይበየዳል። ብየዳው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፣ ለ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ 5 ሰከንድ፣ ለ25ቱ 7 ሰከንድ ይሞቃል። ብዙ ከሞቀ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል፣ ካነሰ አይያያዝም። ሲገጠምም ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው፣ ማጠማዘዝ የለም። ቱቦው ጠብታ ውሃ እንኳ ካለበት ብየዳው አይዝም፣ ስለዚህ መስመሩን የሚዘጋው ጌት ቫልቭ ተዘግቶ መስመሩ በደንብ ይራገፍ። ጌት ቫልቩ አልዘጋ ብሎ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ሲያበቃ ግድግዳው ክፍት ሆኖ ቢያንስ አንድ የፈረቃ ሌሊት ይለፍ። ሠራተኛው በዚያው ቀን ልለስን ካለህ እንቢ በለው፣ ቀሪ ሒሳቡንም ጠዋት ደረቅ መሆኑን አይተህ ክፈል።

ጥያቄ፦ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከታችኛው ሽንት ቤት ቆሻሻ ወደ ላይ ይመለሳል። ሴፕቲክ ታንኩን ቅርብ ጊዜ ነው ያስመጠጥነው። (ከለቡ)

መልስ፦ የጣሪያ ወይም የግቢ ውሃ ከማንሆሉ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ አስፈትሹ፣ ብዙ ግቢ ላይ ችግሩ እሱ ነው። ከተገናኘ ይለይ። የታንኩ ክዳንም ከመሬቱ ከፍ ብሎ በደንብ የተገጠመ ይሁን፣ አለዚያ ጎርፉ በዚያ ይገባል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከተመለሰ ከታችኛው ሽንት ቤት የሚወጣው መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) አስገቡ፣ ተከፍቶ የሚጸዳበት ቦታ ይኑረው። ታንኩን ለማየት ብሎ ግን ማንም ወደ ውስጥ አይውረድ፣ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎም ቢሆን። ውስጡ ያለው ጋዝ ወዲያው ይጥላል፣ ሊያወጣው የሚገባውንም ሰው እንደዚያው። ሰው ወድቆ ከተገኘ ወደ እሳትና አደጋ 939 ይደወል።