አልበላም ያሉ እናት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ነዋሪ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ የመዳን ተስፋቸው የተመናመነ አረጋውያንን በየቤታቸው በበጎ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አንዲት እናት ምግብ ሲቀርብላቸው አፋቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ልጃቸው ግን «እባክዎ አባብለው ያጉርሱልኝ» ስትል ለመነችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በእኛ ዘንድ ማጉረስ ፍቅር ስለሆነ የልጅቱ ጭንቀት ይገባናል፤ ቢሆንም አያስገድዷቸው። ሕመሙ ሲጸና ሰውነት ምግብ የመፈለግም የመጠቀምም አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በግድ የተሰጠ ጉርሻ ትን ሊላቸው ወይም ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። እናቷ የተዳከሙት እርሷ ስላላበላቻቸው እንዳልሆነ ለልጅቱ ረጋ ብለው ይንገሯት፤ ይህን የሚነግራት ሰው ማጣቷ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።

በድሬ ሙቀት ከንፈር ቶሎ ይደርቃል። ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አርጥበው፣ ውኃው እንዳይንጠባጠብ ጨምቀው፣ ከንፈራቸውንና ድዳቸውን በቀስታ ያብሱላቸው፤ ቀጥሎም ጨርቁን ለልጅቱ ይስጧት፣ እጇ ሥራ ያገኛል። ነቅተው ራሳቸው ከጠየቁና መዋጥ ከቻሉ፣ ከራስጌያቸው ቀና አድርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ አጥሚት መስጠት ይቻላል። አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ከሆነ (በከተማችን ይህ የተለመደ ነው) ሰላምታዎ በዚያው ቋንቋ ይሁን፤ ያንቀላፉ ቢመስሉም ሊሰሙ ይችላሉ። የሞርፊንም (የኃይለኛ ሥቃይ ማስታገሻ) ሆነ የሌላ መድኃኒት መጠን ግን እናትየውን የሚከታተለው ሐኪም ወይም ነርስ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ሥቃይ ካዩባቸው ሳይዘገዩ ለባለሙያው ያሳውቁ።