ጀልባዬን መጸዳጃ ያደረገው ማነው? ስለ ወንዝ ኦተር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትልና በአካባቢዋ ስላለው የጀልባ አያያዝ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ኦተር ሆነው ተገኙ። እንስሳውን አይተውት ለማያውቁ በአጭሩ ላስተዋውቅ፦ የሰሜን አሜሪካ የወንዝ ኦተር ጥቁር ቡናማ ጸጉር፣ አጫጭር እግሮችና ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ጅራት ያለው፣ ዓሣ በል አጥቢ እንስሳ ነው። ክብደቱ ከ5 እስከ 14 ኪሎ ግራም ሲሆን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። በውኃ ውስጥ ሲታይ ያምራል፤ ጀልባ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለት የአክስቴ ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ጀልባ ገዛን፤ በሲያትሉ ዩኒየን ሐይቅ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ቦታ ተከራይተን አቁመነዋል። ከቀዝቃዛዎቹ ወራት በኋላ ሸራውን ስንገልጥ የወንበሩ ስፖንጅ ተቦጫጭቆ፣ የኋላው ወለል ቅርፊት በተቀላቀለበት ክርፋት ተሸፍኖ አገኘነው። ጎረቤታችን ራኩን (ሌሊት ሌሊት ምግብ ፍለጋ የሚዞር የዱር እንስሳ) ነው ይላል። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሰው አድሮበት ነው ብሎ ሊከስ ተነሥቷል። ማነው?

መልስ፦ የአክስትዎን ልጅ ክሱን ይተው ይበሉት። ዓሣ ከነቅርፊቱና ከነአጥንቱ የሚውጥ ጎረምሳ በሲያትል የለም። ይህ ኦተር ነው፤ ምስክሩም ቅርፊቱ ነው። የራኩን ዓይነ ምድር ድብልብል ሆኖ የፍራፍሬ ዘር ይታይበታል። የኦተሩ ግን በእንጨት ሲነኩት ፍርክስክስ ይላል፣ የዓሣ ቅርፊትና የሸርጣን ስብርባሪ ያብረቀርቅበታል፣ ሽታውም ቅባት የተቀላቀለበት የዓሣ ሽታ ነው።

እንስሳው አንድ ቦታ ከመረጠ ደግሞ እዚያው ይመላለሳል። ሽታው ለሌሎች ኦተሮች መልእክት ስለሆነ የሚያልፈው ሁሉ የራሱን ይጨምርበታል። አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ከመጣች በአንድ ሌሊት አራት አምስት ሆነው ይሰፍሩበታል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ባዩ ዕለት ማንሣት ከምንም መድኃኒት ይበልጣል።

በማሪናው ውስጥ ካሉት ጀልባዎች ሁሉ የእናንተው የተመረጠበት ምክንያትም ይታየኛል። ጀልባው ከኋላ ለዋናተኛ መውጫ የሚሆን ዝቅ ያለ መደብ አለው፤ አይደለም? ለኦተር ይህ ከውኃው ሁለት ስንዝር ያልራቀ ደረጃ ማለት ነው። ከመደቡ ወደ ውስጥ ያለው ሸራ ደግሞ ጠርዙ ላላ ብሎ ይሆናል። የኦተር ራስ ከገባ ቀሪው አካሉ እንደ ገመድ ይከተላል። በዚያ ላይ ጀልባው ለወራት ሰው አልረገጠውም፤ እንዲህ ያለ ሞቃት፣ ጨለማና ጸጥተኛ ክፍል ኪራይ ሳይከፍል ማን ያልፈዋል?

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ክዳናቸው የተጠበቀ ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካኖች ጎን ለጎን አስራችሁ መደቡን ሙሉ በሙሉ ሙሉት፤ የሚቆምበት ቦታ ካጣ አይወጣም። ወይም ከመደቡ ጠርዝ ላይ ሳንቃ አቁማችሁ በጠንካራ የሽቦ ወንፊት አያይዙት። ሸራው ዙሪያውን በገመድ ይወጠር፤ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አይቅር። በንፋስ የሚነፋ ትንሽ ጀልባ ካላችሁ ከውኃ አውጥታችሁ ስቀሉት፤ ጥፍርና ጥርስ አይችልም። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ደግሞ ተራ ገብታችሁ በየሳምንቱ ጀልባውን እዩት። ጀልባ በጋራ ሲገዛ ሁሉም ባለቤት፣ ማንም ጠባቂ አለመሆኑ የተለመደ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ጥያቄ፦ ኦተሩን ለማባረር ናፍታሊን ጀልባዬን በማስርበት መድረክ ላይ በትኛለሁ፤ በረኪናና አሞኒያም ልጨምርበት አስቤያለሁ። ይበቃል ወይስ ሌላ ምን ልጨምር?

መልስ፦ ኧረ ምንም እንዳይጨምሩ! በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ከኦተሩ በፊት የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። ናፍታሊኑንም ይልቀሙት። በዝግ ሣጥን ውስጥ ለልብስ የተሠራ መርዝ ነው፤ በዚህ አገር በመለያው ላይ ከተጻፈው ውጪ መጠቀም ሕግ መጣስ ነው፣ ወደ ሐይቁ ሲወድቅም ዓሣውን ይጎዳል። ኦተሩ ግን ነፋስ በሚነፍስበት መድረክ ላይ ሽታው ግድም አይሰጠው። ስለ ቃሪያ ዱቄት፣ ስለ ቀበሮ ሽንትና ስለ ፕላስቲክ ጉጉት የጠየቃችሁኝም መልሴ ያው ነው፤ ጥቂት ቀን ያስደነግጡት ይሆናል፣ ከዚያ ይለምዳቸዋል። እንቅስቃሴ ሲያይ በራሱ ውኃ የሚረጨው መሣሪያ ከእነዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን መንገድ ከመዝጋት ጋር ካልሆነ ብቻውን አይዘልቅም።

ጥያቄ፦ ቆሻሻውን በውኃ ጎማ ገፍቼ ወደ ሐይቁ ብሰደውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ደርቆ ከሆነ አቧራው እንዳይነሣ በመጀመሪያ በውኃ ያርጥቡት። ከዚያ በአካፋ አንሥተው በድርብ ፕላስቲክ ከረጢት አስረው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይክተቱት። ወለሉን በሳሙናና በብሩሽ ይፈግፍጉት። የራሰውን የወንበር ስፖንጅ ለማዳን ብዙ አይድከሙ፤ ሽታው አይለቅም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ቆሻሻው የራኩን ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። በራኩን ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኝ የወስፋት ዓይነት ትል እንቁላል አለ፤ ወደ ሰው አፍ ከገባ አንጎልንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ይህን እንቁላል በረኪና አይገድለውም፤ የፈላ ውኃ ግን ይገድለዋል። የማን እንደሆነ ካልለዩ የራኩን ነው ብለው ቢያጸዱት አይከስሩም።

ጥያቄ፦ ብሬመርተን ውስጥ ኦተር ሕፃን ነከሰ ሲባል ሰምቼ ልጆቼን ወደ መድረኩ መውሰድ አቆምኩ። ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበር። አበዛሁት ይሆን?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። በመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በብሬመርተን ማሪና አንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር በመድረኩ ላይ ሲሄድ ኦተር ይዞ ወደ ውኃ ጎተተው። እናቲቱ ታግላ ልጇን አወጣች፤ ልጁ ንክሻና ቡጭሪያ ደርሶበት ሕክምና አገኘ። ከዚያ ቀደም ሲል በነሐሴ 2023 በሞንታና ጄፈርሰን ወንዝ ላይ በጎማ ይንሳፈፉ የነበሩ ሦስት ሴቶች ተነክሰው አንደኛዋ በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ተወስዳለች። እነዚህን የመሰሉ አጋጣሚዎች ዜና የሚሆኑት ብርቅ በመሆናቸው ነው። ኦተር ሰውን ሲያይ በአብዛኛው ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

ስለዚህ መቅረት የለባችሁም፤ አካሄዱን ግን ለውጡ። ልጆቹ ከእርስዎ ፊት ሳይሆን ከጎንዎ ይሂዱ፤ ዋና ቢችሉም የተንሳፋፊ ሰደርያ ይልበሱ። ኦተር በመድረኩ ላይ ካዩ ይቁሙ፣ ወደ ውኃ የሚመለስበትን መንገድ ይልቀቁለት። በሰውና በግድግዳ መካከል የተጣበቀ ኦተር፣ ይልቁንም ግልገል ያላት እናት፣ ለመንከስ አታመነታም። ውሻ ካላችሁ በማሰሪያ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የእኛው ልማድ ነው። በመድረኩ ላይ ዓሣ አርዶ አንጀቱንና ራሱን ለኦተር መወርወር ለልጆች ትርኢት ይመስላል። እኔ ግን የሚታየኝ ነገ ሌላ ሕፃን ባዶ እጁን ሲመጣ ያ እንስሳ ምን እንደሚጠብቅ ነው። የዓሣውን ትርፍ በከረጢት ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የማጥመጃ ምግቡንም በክዳን ዕቃ ያዙ።

ከነከሰ ግን ዝም ብሎ መሸሽ አይበቃም፤ እየጮኹና እየተከላከሉ ከውኃ መውጣት ነው። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥበው በዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ጥያቄ፦ በወጥመድ ይዤ ከሐይቁ ማዶ ብለቀውስ? ካልሆነም ጠመንጃ አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠመንጃህን አስቀምጥ። በከተማ ማሪና ውስጥ ተኩሰህ ከኦተሩ ይልቅ ፖሊስ ነው የሚመጣልህ። በዋሽንግተን ግዛት የወንዝ ኦተር ለቆዳው ከሚታደኑ እንስሳት የሚመደብ ስለሆነ በወጥመድ ለመያዝ ፈቃድና የተወሰነ ወቅት አለው። የግዛቱ ሕዝብ በ2000 በሰጠው ድምፅ ደግሞ አካል ቀርቅሮ የሚይዝ ወጥመድ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ታግዷል። ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ችግርህን ለሌላ ጀልባ ባለቤት ማሸከም ነው፣ ባዶ የሆነውንም ቦታ ሌላ ኦተር ይይዘዋል። ጉዳቱ ከአቅምህ በላይ ከሆነ ወደ ግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውል፤ ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች ይጠቁሙሃል።

ጥያቄ፦ የእኔ የባሕር ኦተር ነው የሚሉኝ አሉ። በምን ልለየው?

መልስ፦ መድረክ ላይ ወጥቶ ከሮጠ የወንዙ ነው። የወንዝ ኦተር በጨው ውኃም ስለሚኖር በሲያትል ዳር ባለው የባሕር ሰርጥ፣ በፒዩጄት ሳውንድ፣ ማየትዎ አያስገርምም። የባሕሩ በጀርባው ተንጋሎ የሚንሳፈፍ፣ ከውኃ እምብዛም የማይወጣና እጅግ የሚገዝፍ ነው። በዋሽንግተን በአደን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ1969 እና በ1970 ከአላስካዋ አምቺትካ ደሴት 59 እንስሳት መጥተው እንደገና የተራባ ሲሆን፣ የሚኖረውም በዋነኛነት በኦሊምፒክ ልሳነ ምድር የውቅያኖስ ዳርቻ ነው። እርሱን መተናኮል በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ በሐይቅ ዳር ያለው ቤታችን ሥር ሌሊት ሌሊት ፉጨትና መንጫጫት እንሰማለን። ቀዳዳውን በሳንቃ ልንደፍን ነው። ባለቤቴ ግን ቆይ ይላል።

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በዚህ አካባቢ ግልገሎች የሚወለዱት በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ለሁለት ወር ያህልም ከጎሬው አይርቁም። አሁን ቢደፍኑት ወይ ግልገሎቹ ከሥር ሞተው ቤቱ ይሸታል፣ ወይ እናቲቱ ወለሉን ቀድዳ ትገባለች። ለጊዜው ወደ ጎሬው መብራትና ድምፁ ከፍ ያለ ሬዲዮ ያስገቡ፤ እናቲቱ ሰላም ስታጣ ልጆቿን ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ከዚያም በመግቢያው ላይ ማታ ስስ አድርገው ዱቄት ይነስንሱ። ጠዋት በዱቄቱ ላይ የአምስት ጣት ዱካ ወደ ውጭ ብቻ ከሆነ ወጥተዋል፤ ወደ ውስጥም ካለ ገና ናቸው። ለተከታታይ ሌሊቶች ምንም ዱካ ሳይታይ ሲቀር በሳንቃ ሳይሆን በወፍራም የሽቦ ወንፊት ይዝጉት፤ የወንፊቱን ግርጌ ወደ ውጭ አጥፈው በአፈር ይቅበሩት፣ ኦተር ቆፋሪ ነውና።

ጥያቄ፦ ሚዙሪ ነው የምኖረው። ኩሬዬ ውስጥ ያረባኋቸው ዓሦች በአንድ ሳምንት አለቁ። ድሮ እዚህ ኦተር አልነበረም ይላሉ።

መልስ፦ ጠፍቶ ነበር ለማለት ይቻላል። የሚዙሪ ግዛት ከ1982 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት 845 ኦተሮች አምጥቶ ለቀቀ፤ ሥራው ከታሰበው በላይ ሰምሮ የዓሣ ኩሬ ባለቤቶች እሮሮ ስለበዛ በ1996 የማጥመድ ወቅት ተከፈተ። ለትንሽ ኩሬ ከዙሪያው የተቀበረ የሽቦ አጥርና ማታ ማታ የሚከደን መረብ ይበቃል። ለትልቁ ኩሬ ግን አጥሩ ከዓሣው ዋጋ ይበልጣል፤ ሒሳቡን ሠርተው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ በአገር ቤት ወንዝ ዳር ያየሁት እንስሳ ይኸው ነው?

መልስ፦ ዘመዱ እንጂ እርሱ አይደለም። በኢትዮጵያ ሁለት የኦተር ዝርያዎች አሉ። አንደኛው ትልቁ፣ ጉንጩና አንገቱ ነጭ፣ የፊት ጣቶቹ ጥፍር አልባ ሆነው ሸርጣን እንደ ሰው በእጁ እየዳሰሰ የሚይዝ ነው። ሁለተኛው አነስተኛ፣ ጉሮሮው ዝንጉርጉር፣ ጥፍርም ያለው ዓሣ አሳዳጅ ነው። ያዩት ድንጋይ ሥር እጁን እየሰደደ የሚፈልግ ከነበረ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ በመድረኬ ጠርዝ ላይ ብዘረጋ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ኦተር የሚያከብረው አጥር ቢኖር ይህ ነው። አንዱ ሽቦ ከወለሉ 10፣ ሌላው 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዘረጋል። ነገር ግን ኃይሉ የሚመጣው ለከብት አጥር ተብሎ ከተሠራ፣ በባትሪ ከሚሠራና ቆይቶ ቆይቶ ብቻ ከሚነዝር መሣሪያ ይሁን። ከቤት ሶኬት በቀጥታ የተሳበ ሽቦ ሰው ይገድላል። ወደ ውኃ የሾለከ ኤሌክትሪክ ዋናተኛን አደንዝዞ ያሰጥማል፤ ይህም ከጨው ውኃ ይልቅ በሐይቅ ይብሳል። በሽቦው ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይስቀሉ፣ ልጆች በሚመጡበት ቀን ያጥፉት። መድረኩ የግልዎ ካልሆነ አስቀድመው ኃላፊውን ይጠይቁ፤ ብዙ ማሪናዎች አይፈቅዱም፣ ያኔ ወደ ጀሪካኑና ወደ ሽቦ ወንፊቱ ይመለሳሉ።