ከማን ጋር እንሰለፍ ላላችሁኝ ልጆች

በቅርቡ ቤይሩት ያለች አንዲት ልጅ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። ኮንትራቷን ጨርሳ ከማዳሟ ቤት ወጥታለች፣ አሁን ቤት ተከራይታ በሰዓት ነው የምትሠራው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቿ ጋር እየተሰበሰቡ መዋጮ ያዋጣሉ፤ ለታመመች፣ ደሞዟን ለተከለከለች፣ አስከሬኗ አገሯ ለሚላክ። ጥያቄዋን እንዳለ ላስቀምጠው፦ "እትዬ፣ የሊባኖስ ሴቶች በሠራተኞች ቀን አብራችሁን ውጡ ይሉናል። እነሱ መሃል ግን ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩም አሉ፣ ሰልፍም አብረው ነው የሚወጡት። የኛ ልጆች 'እነሱ ካሉ እኛ የለንም' ብለው ተነሱብኝ። ምን ላድርግ?"

ቶሎ አልመለስኩላትም። ይህንኑ ጥያቄ ድሮ ሰምቼዋለሁ፣ ያኔ ያየሁትም እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ለሷ የጻፍኩትን ሰፋ አድርጌ ለእናንተም ልንገራችሁ፤ አረብ አገር ያላችሁም፣ እዚህ ሆናችሁ ስለ ሴቶች መብት የምትከራከሩም።

ለማታውቁኝ፣ ቤይሩት ውስጥ ብዙ ዘመን አስተርጓሚ ነበርኩ። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ መክተብ (ሠራተኛ አስመጪው ቢሮ)። "ማዳም እንዲህ አለች፣ ልጅቷ እንዲህ አለች" ስል ነው ጸጉሬ የሸበተው። ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ ምናምን አልላችሁም። እሱን ኤርፖርት ሳትደርሱ ሰምታችሁታል። ደግሞም ፓስፖርቱን ተቀብሎ ለከፊሉ፣ ማለት ዋስ ሆኖ ላስመጣችሁ አሠሪ፣ የሚያስረክበው ሌላ ሰው ነው፣ እናንተን ማን ጠይቋችሁ።

ዓለም ደቻሳን ታስታውሷት ይሆን? አብዛኞቻችሁ ያኔ ልጆች ነበራችሁ። በ2012 (የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ቤይሩት ውስጥ፣ በገዛ ቆንስላችን ደጃፍ፣ አንድ ሰውዬ እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲከታት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። እሷ ትጮሃለች፣ ሰው ቆሞ ያያል። ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ተወሰደች፣ መጋቢት ላይ እዚያው ሞተች። ራሷን አጠፋች ተባለ። ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 እንደጻፈው በሊባኖስ በሳምንት ከአንድ በላይ የቤት ሠራተኛ ትሞት ነበር። ከፎቅ የወደቀች፣ የታነቀች። አዲስ የነበረው ካሜራው ነው።

ያን ሰሞን ከሊባኖሶቹ መካከል ቀድመው የደረሱልን ወጣቶቹ ናቸው። ጂንስ የለበሱ፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይጠፋ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ቀላቅለው የሚያወሩ። ከነሱ ውስጥ ደግሞ ቀላል የማይባሉት ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ነበሩ። እኔ እንኳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ማን አባቱ ይጠይቃል? መድኃኒት ያመጣል፣ ጠበቃ ያገናኛል፣ ወረቀት ይጽፋል፣ በቃ። በነገራችን ላይ ሔለም የሚባለው የነሱ ማኅበር ቤይሩት ውስጥ የተቋቋመው በ2004 ነው። በ2006ቱ ጦርነት እስራኤል ደቡቡን ስትደበድብ፣ ሳናዬህ አጠገብ የነበረው ቢሯቸው ለተፈናቃዮች እርዳታ ማስተባበሪያ ሆኖ ነበር። ከደቡብ የመጡት ሺዓዎች ፍራሹን ማን እንዳመጣላቸው ቢያውቁ ይወስዱት ነበር ወይ እያልኩ አንዳንዴ ለብቻዬ እስቃለሁ። መቼስ ይወስዱት ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በጥር 2015 የቤት ሠራተኞቹ የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። ኢትዮጵያዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ስሪላንካዊ፣ ኔፓላዊ፣ ማዳጋስካር ሁሉ የተሰበሰበበት። በአረብ አገር እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። የሥራ ሚኒስትሩ ወዲያው ሕገ ወጥ ነው አሉ። ምክንያቱም የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 ገና ከመነሻው የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ያስወጣል። እረፍት የለ፣ ዝቅተኛ ደሞዝ የለ፣ መደራጀት የለ። ከፊልሽ ከፈለገሽ አለሽ፣ ካልፈለገሽ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) ይቃጠላል።

ለግንቦቱ ሰልፍ ልንዘጋጅ ዶራ አካባቢ በተዋስነው አዳራሽ ተሰበሰብን። ወለሉ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቷል። አንዲት የደሴ ልጅ ተንበርክካ በአማርኛ ትጽፍበታለች። እጇ ወርቅ ነበር። ፊደሉን መጀመሪያ በእርሳስ አውጥታ፣ ከዚያ በቀይ ቀለም ትሞላዋለች፤ ሲፈስባት በጥፍሯ ትጠርገዋለች። "አንቀጽ 7 ይሰረዝ" ነበር የሚለው።

የኛዎቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ ሊባኖሶቹ በሌላ። እኔ መሃል። ማን ከማን ኋላ ይሰለፋል የሚለው ተነሳ። አንደኛዋ ሊባኖሳዊት "የሔለም ልጆችም አሉ፣ ሌሎችም ይመጣሉ" አለች። አስተረጎምኩ። አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ የእድራችን ሰብሳቢ ተነሳች። ደግ ሴት ናት፣ ስንቱን አስታማለች። "በዚህ አገር ስማችን ጠፍቶ አልቋል" አለች። "ሌባ ተብለናል፣ ሴተኛ አዳሪ ተብለናል። ደግሞ ይሄ ይጨመርብን? አባቴ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ከነሱ ጋር ቢያየው እኔ ለሱ ሞቻለሁ።" አጨበጨቡላት። ሌላዋ ቀጠለች፣ ሌላዋም። አንዳንዱ የተባለው እዚህ አይጻፍም።

አንድ የሔለም ልጅ ነበር፣ ክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረ ለኛ ልጆች ኢንሱሊን የሚለምን። "ምን አሉ?" አለኝ። አስተርጓሚ አይደለሁ? ሁሉንም ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "ባንዲራውን ቤት እንተወዋለን፤ እኛ ግን እንመጣለን" አለ። በዚህ ተስማማን። ሁሉም ደስ አለው። ቡና ተፈላ።

ዞር ስል የደሴዋ ልጅ ብሩሹን አስቀምጣለች። "አንቀጽ" የሚለውን ጨርሳ ሰባቱ ላይ ቆማለች። እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ የጠራውን እጅ ደጋግማ ትጠርጋለች። ሰልፉ ቀን አልመጣችም። ቀሪውን ሌላ ሰው በወፍራም ብሩሽ ጻፈው፣ ፊደሉ ተንጋዶ።

ነብዓ ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አረብ አገር ሁለት ሴት አብራ ብትኖር ማን ልብ ይላል፣ አምስትም ሆነው ይኖራሉ። ግን አንድ ጊዜ ሆስፒታል ላስተረጉምላት ሄጄ፣ ወረፋ ስንጠብቅ "እትዬ፣ ያስተረጎምሽውን ለሰው ትናገሪያለሽ?" ብላኝ ነበር። "ልሙት ካልኩ" አልኳት። ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። ስሟ ተጠራ። ስትወጣ ሌላ ወሬ ጀመረች፣ እኔም አልጎተጎትኳትም።

ከዚያ በኋላ ያየናት የለም። ቱርክ ገባች ያለ አለ። ጄኔራል ሴኩሪቲ (የውጭ ዜጎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) ይዟት አድሊዬ ታስራ አገሯ ተላከች ያለም አለ። የእድር ሰብሳቢዋ ዶሮ ወጥ በሳህን ይዛ ነብዓ ድረስ ሄዳ በሩን ስታንኳኳ ሌላ ሰው ከፈተላት። ተመልሳ "ምን ብያት ነው?" አለችኝ። ለሷ እኮ አልተናገረችም። ከክፍሉ ወዲያ ጥግ ላሉት ለሊባኖሶቹ ነው የተናገረችው።

ያ ስምምነት ጥፋት ነበር አልልም። ይሄንን ስል የምትቆጡኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ሰልፉ ወጣ፣ የኛ ሴቶች በብዛት መጡ፣ ማንም አልተደበደበም። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ላይ ከማኅበሩ ጋር የሚሠሩ ሁለት ኔፓላዊ ሴቶች ተይዘው አንዷ አገሯ ስትመለስ አየን። ባንዲራም ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም የሆነች ልጅ ነበረች፤ የቤት ሠራተኛም፣ ሌላውንም። "እኛ" እና "እነሱ" እየተባለ ድርድሩ ያለቀው በሷ ላይ ነው። እኔ ዛሬ አንቀጽ ምናምን ስሰማ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

ስለ አንቀጽ ካነሳን፣ የሊባኖስ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 534 "ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ግንኙነት" ላለው እስከ አንድ ዓመት ያስራል። በፈረንሳይ ዘመን የመጣ አስተሳሰብ ነው። በ2009 ባትሩን ላይ አንድ ዳኛ "ተፈጥሮ ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ አልቀጣም አለ። በ2018 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ወንጀል አይደለም ብሎ ፈረደ። ሕጉ ግን እስካሁን አለ። የሴቶቹ አንቀጽ 522 ግን በ2017 ተሰረዘ፤ ደፋሪ ያስነወራትን ልጅ ካገባት ቅጣት የሚቀርለት ሕግ ነበር። ያኔ ኮርኒሽ ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ 31 የሙሽራ ቀሚስ በገመድ ሰቅለው ነበር። አንዲት ሕፃን በጋሪ የምትገፋ የኛ ልጅ ቆማ ስታይ "ሰርግ አለ እንዴ?" አለችኝ። ነገሩን ነገርኳት። ቀሚሶቹን አየች፣ ሕፃኑን አየች። "እናቱ እኮ ዛሬ እዚህ ነው ያለችው" አለች። ማዳሟ ለሴቶች መብት ወጥታ እሷ ልጅ ይዛላት ነበር፣ ያውም በእረፍት ቀኗ። ስለዚህ እናንተም "ሊባኖሶቹ ሁሉ ከኛ ጋር ናቸው" አትበሉኝ። ከነሱም ውስጥ ከፋላን፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረውን ሥርዓት፣ የማይነኩ ሞልተዋል።

አሁን ደግሞ እናንተ ላይ ልምጣ። የዛሬ ልጆች "ኢንተርሴክሽናል" (ግፍ ሁሉ የተያያዘ ነው እንደማለት) የሚለውን ቃል ከቲክቶክ ለምዳችሁ ትመጣላችሁ። ጎበዞች ናችሁ፣ እኛ የማንደፍረውን ትደፍራላችሁ። ግን ሁሉን ነገር ላይቭ ማድረግ ምን አመጣው? ከሰልፉ ይልቅ ቪዲዮው ያስጨንቃችኋል። ሊባኖሳዊ ቢያዝ ቤተሰቡ ማታ ያስፈታዋል፤ ኢቃማ የሌላት ልጅ ግን ፊቷ ከወጣ መጨረሻዋ አውሮፕላን ነው። ስልክ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ግብፅ ውስጥ ፖሊስ በፍቅር መፈለጊያ አፕ ሰው መስሎ እያጠመደ፣ ስልኩን ከፍቶ ማስረጃ ያደርገዋል።

ግብፅን ካነሳሁ አይቀር፣ "እነሱ ላይ የደረሰው እኛን አይመለከትም" ለሚሉት ይሄን ንገሩልኝ። ግብፅ ተመሳሳይ ፆታን በስም የሚከለክል ሕግ የላትም። የሚታሰሩት ሴተኛ አዳሪነትን ለመከላከል በወጣ የ1961 ሕግ ነው። ለሴቶች የተሠራው ወጥመድ ወንዶቹን ያዘ፤ በ2001 ናይል ላይ ከነበረች ጀልባ የተጀመረው አፈሳ 52 ሰው ፍርድ ቤት አቆመ። ሣራ ሒጋዚ በ2017 ካይሮ ኮንሰርት ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ ከፍ አደረገች፣ ሦስት ወር ታሰረች፣ ተሰቃየች፣ ካናዳ ተሰደደች፣ በ2020 ራሷን አጠፋች። ያው ዓመት ደግሞ ካይሮ ውስጥ ሴቶች ቲክቶክ ላይ በለቀቁት ቪዲዮ "የቤተሰብ እሴት ጣሳችሁ" ተብለው ተፈረደባቸው። ዘፍነው፣ ጨፍረው እኮ ነው። እናንተ ማታ ማታ የምትለቁት ዓይነት።

አገር ቤትስ ብትሉኝ፣ የኛም ወንጀል ሕግ ይህንኑ የሚቀጣ አንቀጽ 629 አለው። ስለዚህ ሊባኖስ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም የምጽፈው። ሃይማኖታችሁን ተዉም አላልኩም። እኔ ራሴ አርብ ረቡዕ እጾማለሁ፣ ስለ ብዙው ነገር ዛሬም የተቆራረጠ አሳብ ነው ያለኝ። እንደገና እዚያ አዳራሽ ብገባ ያንኑ ስምምነት ሳልደግፍ አልቀርም። የምለየው፣ ከመስማማታችን በፊት ስብሰባውን አቋርጬ ቡና እንጠጣ እላለሁ። ያቺንም ልጅ ይዤ በረንዳ እወጣለሁ።

በ2020 ማዳሞቹ ዶላር ሲያጡ ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው አይታችኋል። ቆንስላው አልከፈተም። ምግብና ማደሪያ ይዘው ከሮጡት "እኛ ለእኛ በስደት" አሉበት፤ በራሳቸው በቤት ሠራተኞቹ የተመሠረተ ነው። ሊባኖሳውያን ወጣቶችም ነበሩ፣ ብዙዎቹ እነዚያው ከነሱ ጋር አንወጣም የተባሉት። በ2023 ነሐሴ ደግሞ ቤይሩት ማር ሚካኤል ውስጥ፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ የሚገቡበት አንድ ቡና ቤት "የጌታ ወታደሮች" ነን የሚሉ ሰዎች መጥተው ሰው ደበደቡ። ያኔ አንዲት የኛ ልጅ ከጎረቤት ሱቅ ወጥታ ሁለቱን አስገብታ በሩን ቆለፈች ብለው ነገሩኝ። እውነት ይሁን ወሬ አላጣራሁም፣ ግን ሊሆን ይችላል።

ለልጅቷ በመጨረሻ የጻፍኩላት ይህን ነው። የሰልፉን ነገር ለጊዜው ተዪው። እሁድ ስትሰበሰቡ የመዋጮ ደንባችሁን አውጡና አንድ መስመር ጨምሩበት፦ የታሰረች ሴት በምን እንደታሰረች ሳይጠየቅ ይከፈልላታል። ለስርቆትም ተባለ፣ ከማዳሟ ቤት ጠፍታም ተባለ፣ ለሌላም። ሰብሳቢዋና ገንዘብ ያዥዋ ብቻ ይወቁ። እሱ ላይ ከተስማሙ ስለ ሰልፉ ያኔ እናወራለን።

"እሱንስ እሺ ይሉኝ ይሆናል" አለችኝ። "ግን ገንዘብ ያዥዋ ወሬኛ ናት።"

እንግዲያው መጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ቀይሩ አልኳት።